ሁላችሁም የምትወርዱበት ደሴት

የዚህ ሳምንት ጠያቂያችን ከአዲስ አበባ የጻፉልን እናት ናቸው። በጥር ወር መጨረሻ፣ ልጆቻቸው የመንፈቀ ዓመቱን ፈተና ጨርሰው ሲያርፉ፣ ከባለቤታቸው፣ ከ15 ዓመት ወንድ ልጃቸው፣ ከ9 ዓመት ሴት ልጃቸውና ከ71 ዓመት እናታቸው ጋር ለአራት ቀን ወደ ባሕር ዳር ለመሄድ ትኬት ቆርጠዋል። ከአራቱ ቀን አንዱን በጣና ሐይቅ ላይ፣ በጀልባ ከደሴት ወደ ደሴት እየተዘዋወሩ ለማሳለፍ አስበዋል፤ ነገር ግን ቤተሰቡ በዚያች አንድ ቀን ላይ መስማማት አቅቶታል። እንዲህ ይላሉ፦

«ባለቤቴ ከንጋት እስከ ምሽት ተጉዘን ዳጋ እስጢፋኖስን፣ ናርጋ ሥላሴን፣ ክብራን ገብርኤልንና ዘጌን በአንድ ቀን አይተን እንመለስ ይላል። ሴት የማትገባባቸው ገዳማት እንዳሉ ስነግረው ‹እናንተ ጀልባው ላይ ትጠብቁናላችሁ፣ ምን አለበት?› አለኝ። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ውኃም ትፈራለች፣ ማናችንም ዋና አንችልም፤ ሆኖም ‹የጣናን ገዳማት ሳልሳለም አልሙት› ማለት ከጀመረች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ትንሿ ልጄ ደግሞ ጉማሬ ካላየሁ ብላ አስቸግራኛለች። ገንዘብ አጠራቅመን የምንሄደው አንድ ጊዜ ነው፤ ቀኑ እንዳይበላሽብን ምን እናድርግ?»

ውድ ጠያቂያችን፣

ደብዳቤዎን ካነበብሁ በኋላ «ጀልባው ላይ ትጠብቁናላችሁ» የምትለዋ የባለቤትዎ ቃል ከአእምሮዬ አልወጣ አለች፤ ምክንያቱም ይህንኑ ቃል እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ለአክስቴ ተናግሬዋለሁ።

አክስቴ ያን ጊዜ ስድሳ ዓመት አልፏት ነበር። የወንድሞቿና የእኅቶቿ ልጆች ተሰባስበን በአንድ ጀልባ ወደ ዳጋ ስንሄድ፣ ሴት ወደዚያ ገዳም እንደማትወጣ እሷም እኛም እናውቅ ነበር፤ ነገር ግን «ለትንሽ ጊዜ ነው» ብለን አግባብተናት መጣች። ከባሕር ዳር ሦስት ሰዓት ያህል ተጉዘን እንደ ደረስን፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችውን ጧፍና ዕጣን ፈትታ በእጄ አስያዘችኝና «አንተ አድርስልኝ» አለችኝ። እኛ ዳገቱን ወጥተን፣ ተሳልመን፣ ዕቃ ቤቱን አይተን፣ ከአባቶች ጋር ተጨዋውተን ስንመለስ ሁለት ሰዓት አልፎ ነበር። እሷ በዚያ ሁሉ ጊዜ፣ ፀሐይዋ በጀልባው ጣሪያ ሥር እየገባች ስትመጣባት፣ ከአንዱ መቀመጫ ወደ ሌላው ስትሸሽ ቆይታለች። ገና አንድ እግሬን ከማስገባቴ «ጧፉን የት አኖርኸው?» ብላ ጠየቀችኝ። በር ላይ ላገኘኋቸው አባት ፈጥኜ ሰጥቼ አልፌ ስለ ነበር፣ የት እንደ ተቀመጠ፣ ማን እንዳበራው፣ በየትኛው ሥዕል ፊት እንደ ቆመ ልነግራት አልቻልሁም። አልተቆጣችኝም፤ ዝም ብላ የነጠላዋን ባዶ ጫፍ መልሳ ቋጠረችው። ያቺ ባዶ ቋጠሮ ዛሬም ድረስ ታሳፍረኛለች።

ይህን የምነግርዎ የገዳሙን ሥርዓት ለመንቀፍ አይደለም። ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ወንዶች መነኮሳት ብቻቸውን የሚኖሩባቸው፣ ሥርዓታቸውንም ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቀው ያቆዩ ገዳማት ናቸው፤ እናትዎም ይህን ከእርስዎና ከእኔ በተሻለ ያውቁታል፣ ያከብሩታልም። ጥፋቱ የነበረው በእኛ በዕቅድ አውጪዎቹ ላይ ነው። ከሁላችን ይልቅ ለመሳለም የጓጓችውን ሰው ይዘን፣ እሷ ልትረግጠው ወደማትችለው ደሴት ሄድን። እርስዎም ከእናትዎ ጋር የሚሄዱት የእሳቸው ናፍቆት የቆየ መሆኑን እያወቁ ስለሆነ፣ ምክሬን በአጭሩ ላስቀምጠው፦ በዚያች ቀን ጀልባው የሚቆምባቸውን ቦታዎች አምስታችሁም አብራችሁ በምትወርዱባቸው ብቻ ወስኑ፤ ለአባትና ለልጅ የሚሆነውን ደግሞ ሌሎቻችሁ ጀልባ ላይ በማትጠብቁበት መንገድ አመቻቹት። ይህ ይቻላል፤ እንዴት እንደሚቻል እነግርዎታለሁ።

አስቀድሜ ግን ከሁሉ የሚቀድመውን ልናገር። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት ምክንያት፣ በክልሉ ውስጥ የሚደረግ ጉዞ ሁሉ የዕለቱን ሁኔታ አጣርቶ መሄድን ይጠይቃል፤ ሐይቁም ከዚህ ውጭ አይደለም። ከመነሣታችሁ በፊት በባሕር ዳር ከሚኖሩ ዘመዶች ወይም ወዳጆች፣ እንዲሁም ከምታርፉበት ሆቴል ጠይቁ፤ በጉዞው ዋዜማ ማታ ደግማችሁ፣ በማለዳውም ለሦስተኛ ጊዜ ጠይቁ። አካባቢውን የሚያውቅ ሰው «ዛሬ ይቅርባችሁ» ካላችሁ፣ ትኬት ተቆርጧል፣ ገንዘብ ተከፍሏል ብላችሁ አትከራከሩ። ለዚህም ሲባል የጀልባውን ቀን በቆይታችሁ ሁለተኛ ቀን ላይ አድርጉት፤ ሁለተኛው ቀን ካልሆነ ሦስተኛው ይተርፋችኋልና። ወደ አዲስ አበባ በምትመለሱበት ቀን ላይ በፍጹም አታድርጉት።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ዕቅድ ልመለስ። ጣና በካርታ ላይ ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ ስፋቱ ግን 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ናርጋ ሥላሴ ያለበት ደቅ ደሴትና ከአጠገቡ ያለው ዳጋ በሐይቁ መካከለኛ ክፍል ስለሚገኙ፣ በተለመደው የሞተር ጀልባ ከባሕር ዳር ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ያስኬዳሉ። መሄድና መመለሱ ብቻ አምስት ወይም ስድስት ሰዓት ወሰደ ማለት ነው። በየገዳሙ አንድ አንድ ሰዓት ቢቆዩ አራት ሰዓት ይጨመራል፤ መውረዱ፣ መውጣቱ፣ መሰብሰቡና መቆጠሩ ገና አልታሰበም። ማለዳ 1 ሰዓት ላይ ተነሥታችሁ፣ አንድም ነገር ሳይዘገይባችሁ፣ የምትመለሱት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። የ9 ዓመት ልጅና ጉልበታቸውን የሚያማቸው የ71 ዓመት እናት ይህን ቀን በእንጨት መቀመጫ ላይ ሲያሳልፉት ምን እንደሚመስል እርስዎ ከእኔ በላይ ይገምቱታል።

ከድካሙ ይልቅ የሚያሳስበኝ ነፋሱ ነው። ጣና በጠዋት ሲያዩት የተረጋጋ፣ የሰማዩን መልክ እንደ መስተዋት የሚያሳይ ውኃ ሊሆን ይችላል፤ ከቀትር በኋላ ግን ብዙ ጊዜ ነፋስ ይነሣበታል። ሐይቁ እጅግ ሰፊ ሆኖ ሳለ ጥልቀቱ ግን ትንሽ ነው፤ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር አይበልጥም። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲያገኘው አጫጭርና ቀጥ ያሉ ማዕበሎች ቶሎ ቶሎ ያነሣል። ከአክስቴ ጋር ስንመለስ የገጠመን ይህ ነበር። የጀልባው አፍ ከፍ እያለ ተመልሶ በውኃው ላይ ሲፈርጥ፣ ፍንጣሪው ፊታችንን ሲያርሰው፣ ከመካከላችን አንዱ ላይፍ ጃኬት ይሰጠን ብሎ ጠየቀ። ጃኬቶቹ ከመቀመጫ ሥር በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ነበሩ፤ የከረጢቱ አፍ በሲባጎ ታስሮ ስለ ነበር፣ በእርጥብ ጣት ያንን ቋጠሮ ለመፍታት የፈጀብንን ጊዜ መቼም አልረሳውም። ከከረጢቱ የወጡትም ከእኛ ቁጥር ያነሱ ነበሩ። በሰላም ደረስን፤ ነገር ግን ያን ዕለት እግዚአብሔር እንጂ ጥንቃቄያችን አላዳነንም።

ስለዚህ የቀኑን ቅደም ተከተል በነፋሱ ልክ አውጡት፤ ሩቁን በማለዳ፣ ቅርቡን በመመለሻ። ከባሕር ዳር ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ግድም ተነሥታችሁ በቀጥታ ወደ ዘጌ ሂዱ፤ አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ከዘጌ ስትመለሱ እንጦስ ኢየሱስና ክብራን ገብርኤል ዘንድ ትደርሳላችሁ። ከዚያ ውኃው አሁንም ጸጥ ካለ የዓባይን መውጫ አይታችሁ፣ እስከ 7 ሰዓት ድረስ ባሕር ዳር ገብታችሁ ምሳ መብላት ትችላላችሁ። ነፋሱ ቀደም ብሎ ከተነሣ የሚቀርባችሁ የመጨረሻው ብቻ ነው፤ በዚያ ጊዜም ለከተማው ቀርባችኋል።

ዘጌ በእርግጥ ደሴት ሳትሆን ወደ ሐይቁ የገባች ባሕር ገብ መሬት ናት፤ በመኪና መንገድም ይደረስባታል። በውኃ የሚሄድ ሰው ግን የሚያያት እንደ ደሴት ነው። ከሩቅ ጥቁር አረንጓዴ ሆና ትታያለች፤ ስትቀርቡም ደኑ እስከ ውኃው ድረስ ወርዶ ታገኙታላችሁ። በጫካው ጥላ ሥር የሚበቅለው ቡና ነው። የአገሬው ትውፊት እንደሚለው፣ ጻድቁ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ከሦስት ቆርጠው ተክለው፣ አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆኖ በቅሎላቸዋል፤ የዘጌ ሰውም ከዚያ ጀምሮ መሬቱን በበሬ ሳያርስ በእነዚህ ተክሎች ኖሯል። በጥር ቡናው ተለቅሞ በየደጁ ተሰጥቶ ልታገኙት ትችላላችሁ። ለልጆችዎ ደኑ ለምን እንደ ተረፈ መንገር ከፈለጉ ከዚህ ታሪክ የተሻለ አላውቅም።

ከዘጌ ገዳማት ሁሉ ለእናንተ የምመርጠው ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ነው። ከመውረጃው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው መንገድ ለጤነኛ ሰው ሃያ ደቂቃ ግድም የሚወስድ፣ ድንጋይ የበዛበት አቀበት ነው፤ ለእናትዎ አርባ ደቂቃ መድቡለት። መቋሚያ ወይም ጠንካራ ምርኩዝ ይያዙ፣ ልጅዎ ክንዳቸውን ይያዝላቸው፣ በየዛፉ ጥላ ሥር አረፍ ይበሉ። መንገዱ ዳር ላይ በብራና ላይ የተሣሉ ሥዕሎችን፣ መስቀሎችንና ከደንገል የተሠሩ ትንንሽ ታንኳዎችን የሚሸጡ ሰዎች ስላሉ፣ ዕረፍቱ ለልጅዎም ለማየት ጊዜ ይሰጣታል። ጉልበታቸው በዚያ ዕለት ከጠናባቸው ግን አያስገድዷቸው፤ አዝዋ ማርያም ከመውረጃው ብዙም የማትርቅ ስለሆነች እዚያ ተሳልመው ሊያርፉ ይችላሉ፤ እርስዎም አብረዋቸው ይሁኑ።

የኡራ ኪዳነ ምሕረት ሕንጻ ክብ ነው፤ ቅኔ ማኅሌቱን አልፈው ሲገቡ የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኖ ያገኙታል። ሁሉንም ለማየት አትሞክሩ፤ ሰው ሃምሳ ሥዕል አይቶ ሲወጣ አንዱንም አያስታውስም። ልጅዎን የበላዔ ሰብእን ሥዕል ፈልጊ ይበሏት። ሰው በላ የነበረው ያ ሰው፣ በጥም ለተያዘ ድውይ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ሲሰጥ፣ በኋላም ነፍሱ በሚዛን ስትቀርብ ያቺ ጥርኝ ውኃ በእመቤታችን ጥላ ከብዳ ስትደፋለት ታያለች። እናትዎ ይህን ታሪክ ከተአምረ ማርያም ሲነበብ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰምተውታል፤ ስለዚህ አስጎብኚው ከመናገሩ በፊት አያቷ ለልጅ ልጃቸው ይንገሯት። አስጎብኚውን ትንሽ እንዲታገሥ በትሕትና ይጠይቁት፤ ደስ ብሎት ይሰማል።

ከዚያ ወደ እንጦስና ክብራን እንምጣ፤ የባለቤትዎና የእናትዎ ጉዳይ የሚታረቀው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ደሴቶች ጎን ለጎን ናቸው። ክብራን ገብርኤል በጥንታዊ የብራና መጻሕፍቱ የታወቀ የወንዶች ገዳም ነው፤ እንጦስ ኢየሱስ ደግሞ ሴት መነኮሳት የሚኖሩበትና ሴቶች የሚሳለሙበት ነው። ጀልባው አስቀድሞ ሁላችሁንም እንጦስ ላይ ያውርድ፤ አብራችሁ ተሳለሙ፤ ከዚያ ባለቤትዎና ወንድ ልጅዎ በዚያው ጀልባ ወደ ክብራን ተሻግረው ይመለሱ። እናትዎ በዚያ ጊዜ በዛፍ ጥላ ሥር፣ በመሬት ላይ፣ በገዳም ውስጥ፣ እንደሳቸው ካሉ እናቶች ጋር ተቀምጠው ይሆናሉ። ይህን ለጀልባ ነጂው በዋዜማው ቀን አስረዱት፤ በዕለቱ ድንገት ብትነግሩት ሰዓት ተጨመረ፣ ነዳጅ ተጨመረ የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል።

ዳጋን በተመለከተ የባለቤትዎን ጉጉት አቃልዬ አላየውም። በዚያ ገዳም የይኩኖ አምላክ፣ የዳዊት፣ የዘርዐ ያዕቆብ፣ የዘድንግልና የፋሲለደስ ዐፅም በክብር ተቀምጦ ይገኛል፤ የ15 ዓመት ልጅ በትምህርት ቤት ስማቸውን ብቻ ከሚያውቃቸው ነገሥታት ፊት መቆሙ ትልቅ ነገር ነው። አባትና ልጅ ይህን ካሰቡት፣ በሦስተኛው ቀን ገና ጎሕ ሲቀድ ሁለቱ ብቻቸውን ይሂዱ፤ የዚያ ዕለት ጀልባ ከሌሎች ተጓዦች ጋር በጋራ ሊሆን ስለሚችል ወጪውም ይቀላል። እናንተ ሴቶቹ በዚያ ቀን በሐይቁ ዳር ቡና እየጠጣችሁ ዕረፉ። ናርጋ ሥላሴን ግን እርስዎም አንድ ቀን ሊያዩት የሚገባ ነው፤ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእቴጌ ምንትዋብ የታነጸ፣ ሴትም ወንድም የሚሳለምበት ቤተ ክርስቲያን ነውና። ለዚህኛው ጉዞ የራቀ መሆኑ ብቻ ነው የሚያሳዝነው።

ባለቤትዎን ሲያነጋግሩ «አንተ ስለ እኛ አታስብም» ከማለት ቢጀምሩ ነገሩ ወደ ክርክር ይገባል። ካርታውን ዘርግታችሁ ሰዓቱን አብራችሁ ብትደምሩት፣ ከዚያም የሦስተኛውን ቀን ሐሳብ ራስዎ ቢያቀርቡለት፣ የሚቀርበት ነገር አለመኖሩን ያየዋል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ጀልባው ሳስብ፣ ዋዜማውን ወደ ሐይቁ ዳር ወርዳችሁ ጀልባውን በዓይናችሁ ሳታዩ፣ ላይፍ ጃኬቶቹንም አንድ ሁለት ብላችሁ ሳትቆጥሩ ገንዘብ እንዳትከፍሉ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ጃኬቶቹ ከከረጢት ወጥተው በመቀመጫው ላይ መሆን አለባቸው። ልጅዎን ይዘው ይሂዱና ያልብሷት፤ ዘለበቶቹን ካሠሩ በኋላ ጃኬቱን በትከሻው ላይ ይዘው ወደ ላይ ሳብ ያድርጉት። አገጯንና ጆሮዋን አልፎ የሚወጣ ከሆነ ሰፍቷታል፤ ውኃ ውስጥ ብትገባ አይዛትም። በልጅ ልክ የሚሆን ካላገኙ ሌላ ጀልባ ይጠይቁ፤ ወይም አዲስ አበባ ሳሉ ፈልገው ገዝተው ይሂዱ። ተጠባባቂ ሞተር ወይም መቅዘፊያ፣ ትርፍ ነዳጅና የሚሠራ ስልክ መኖሩንም ይጠይቁ። ዋና አለመቻላችሁን ለነጂው ሳታፍሩ ንገሩት፤ ጃኬቱንም ጀልባው ገና ሳይነቃነቅ ልበሱት፣ እስክትወርዱ አታውልቁት። እናትዎ በውኃው ላይ ሳሉ ሻሽ ብቻ ይሰሩ፤ ነጠላቸው ታጥፎ በቦርሳ ይቀመጥና መሬት ሲረግጡ ይልበሱት። ነጠላ ከጃኬት ጋር ተጠላልፎ እንቅስቃሴ እንዳይከለክላቸው ነው።

ክፍያውን ስትስማሙ ዋጋው በሰው ወይስ በጀልባ እንደሆነ፣ የምትቆሙባቸው ቦታዎች በስም የትኞቹ እንደሆኑ፣ ነጂው በየቦታው ምን ያህል እንደሚጠብቃችሁ ቁርጥ አድርጋችሁ ተነጋገሩ። የገዳማቱ መግቢያ ብዙ ጊዜ ከጀልባው ኪራይ ተለይቶ፣ በየገዳሙ ለየብቻው የሚከፈል ነው፤ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ዝርዝር ብርም ያዙ።

ስለ ቀኑ ምርጫ አንድ ነገር ልጨምር። እናትዎ ጾም የሚይዙ ከሆነ ረቡዕንና ዓርብን ብትተዉ መልካም ነው፤ ባዶ ሆድ በጀልባ መናወጥ ለአዛውንት ከባድ ነውና። የነነዌ ጾምም እንደ ዓመቱ በጥር መጨረሻ ወይም በየካቲት ሊውል ስለሚችል የዘመኑን የቀን መቁጠሪያ አስቀድማችሁ ተመልከቱ። በጠዋት ቅዳሴ የሚካሄድበት ቀን ከሆነ ወደ ሥዕሎቹ ለመግባት መጠበቅ ይኖርባችኋል። ጉዟችሁን እስከ የካቲት 16 ማቆየት ቢቻላችሁ፣ የኪዳነ ምሕረት ክብረ በዓል ስለሆነ እናትዎ እጅግ ይደሰታሉ፤ ነገር ግን ሕዝቡ ብዙ፣ ጀልባውም ጠባብ ይሆናል፣ ልጆቹም ያን ጊዜ ትምህርት ላይ ናቸው። ከእናትዎ ጋር ተመካከሩበት።

የውኃ ፍርሃታቸውን በተመለከተ «አይዞሽ፣ ምንም የለውም» የሚለው ቃል ብዙም አይረዳም። በጀልባው መካከል ወይም ወደ ኋላ ጠጋ ብለው ይቀመጡ፤ ከፊት ይልቅ መናወጡ እዚያ ይቀንሳል። ዓይናቸውን ከውኃው ላይ አንሥተው የብሱን ይመልከቱ፤ ዝንጅብል ያኝኩ ወይም የዝንጅብል ሻይ በፔርሙስ ይያዙላቸው። በመጀመሪያው ቀን አመሻሽ ላይ ወደ ዳርቻው ይዘዋቸው ሄደው፣ የቆመ ጀልባ ላይ ወጥተው እንዲወርዱ ያድርጉ፤ እግራቸው አንድ ጊዜ ከለመደው በማግስቱ ያን ያህል አይጨነቁም። ሲሳፈሩና ሲወርዱ ነጂው በአንድ በኩል፣ ወንድ ልጅዎ በሌላ በኩል ይያዟቸው። መጸዳጃ በጀልባው ላይ ስለሌለ ሁላችሁም ከሆቴል ስትወጡ ተጠንቅቃችሁ ውጡ።

ለልጅዎ ሁለት ነገር ይንገሯት። ጉማሬ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ይታያል፤ አንዳንድ ጊዜ ጆሮውና አፍንጫው ብቻ ከውኃው ላይ ብቅ ብሎ ይገኛል። ነጂው ይበልጥ ላስጠጋችሁ ቢል እምቢ በሉት፤ ጉማሬ ጀልባ ሊገለብጥ የሚችል አደገኛ እንስሳ ነው። ባይታይም እንዳታለቅስ ከወዲሁ ንገሯት፤ ፔሊካኖቹና በደንገል ታንኳ ተቀምጠው የሚቀዝፉት ሰዎች ግን ሳይታዩ አይቀሩም። ታንኳ ባጠገባችሁ ሲያልፍ ነጂው ሞተሩን ቀዝቀዝ እንዲያደርግ ለምኑት፤ የሞተር ጀልባ የሚያነሣው ማዕበል ለእናንተ ምንም ባይሆን፣ እንጨት ጭኖ ከውኃው አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ ብሎ ለሚሄደው ታንኳ ከባድ ነው። ሁለተኛው ነገር፣ ዳር ላይ ውኃው ውስጥ ገብታ እንዳትጫወት ነው። በጣና ዳርቻዎች ብልሃርዝያ አለ፤ ጥገኛው በውኃ ውስጥ ከሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ በሰው ቆዳ ስለሚገባ፣ እግርን ነክሮ መቀመጥ ብቻ እንኳ ሊያስይዝ ይችላል። የምትጠጡትን የታሸገ ውኃ ይዛችሁ ሂዱ፣ ባዶ ጠርሙሶቹንም ይዛችሁ ተመለሱ። ባሕር ዳር ከ1,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ፀሐዩም ከውኃው ላይ ስለሚያንጸባርቅ፣ ነፋሱ ቀዝቃዛ ቢመስልም ቆዳ ይቃጠላል፤ ለሁላችሁም ባርኔጣ ያዙ።

እናትዎ ከቤት ሲወጡ ጧፍ፣ ዕጣን ወይም ዘቢብ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መያዛቸው አይቀርም። በኡራ አቀበት ላይ ሲደክማቸው ቦርሳቸውን፣ የውኃ ጠርሙሳቸውን፣ ጃኬታቸውንም ተቀብለው ይያዙላቸው። ያቺን ቋጠሮ ግን አይቀበሏቸው፤ መንገዱ የፈለገውን ያህል ቢረዝም፣ በሩ ላይ ደርሰው በገዛ እጃቸው ይፍቷት።